ሁለት አሻንጉሊትና አንድ ቧንቧ

ሰኞ 4

ዛሬ ተቀጠርኩ። ቦታው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለው የሐኪሞች ማሠልጠኛ ነው። ሥራዬ እናት መሆን ነው። እኔ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ሐኪሞቹ ተራ በተራ እየገቡ ልጄ መሞቱን ይነግሩኛል። ልጁ የውሸት ልጅ ነው። መድኃኒቱም መሣሪያውም በማይበቃበት ቦታ የሚሠራ ሐኪም ክፉ ወሬ መናገር መልመድ አለበት ይላሉ። ሐኪሙ ሲወጣ ካርድ ይሰጠኛል። ካርዱ ላይ «ልጅዎን ዳግመኛ ለዚህ ሐኪም ይሰጣሉ?» ይላል። አዎ ወይም አይ እላለሁ። አይ ያልኩት ሐኪም ደግሞ ተለማምዶ እስኪያልፍ ድረስ ሕፃናት ክፍል ተረኛ መሆን አይችልም።

የምታሠለጥናቸው ነርስ ሁሉም «ሲስተር» የሚላት ትልቅ ሴት ናት።

«ልጅ አለሽ?» አለችኝ።

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ።»

«ያሳድግልሽ።»

አሜን አልኩ። ልጅ የሞተባትን ሴት ለዚህ ሥራ አይወስዱም። ጥቁሩን ሻሽ ግቢው በር ሳልደርስ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር። ስመለስ መልሼ አሰርኩት።

ረቡዕ 6፣ ማታ

ለምን እንደገባሁ ልጻፈው። ካልጻፍኩት ነገ ጠዋት ሌላ ምክንያት እፈጥራለሁ።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሳንባ ምች ነው የያዛት። መስኮቱ ሥር አስተኟት፣ አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቧንቧ አደረጉላት። ረጅሙ ሐኪም መጣና «የግሉኮስ መርፌ አልቆብናል፣ ከውጭ ገዝተሽ ነይ፣ ቶሎ በይ» አለኝ። አንደኛው መድኃኒት ቤት የለም። ሁለተኛው የለም። ሦስተኛው ጋ አገኘሁ። ስመለስ ቧንቧው ጎረቤት አልጋ ላይ የተኛው ወንድ ልጅ አፍንጫ ላይ ነው። የእኔ ልጅ ፊቷ ተሸፍኗል። ሐኪሙ የለም። መርፌውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ነርሷን ስጠይቃት «የሚቻለው ሁሉ ተደርጓል» አለችኝ። አለቃዋም እንደዚያው አለ። መረጃ ክፍል ያለው ሰውዬ እንኳ እንደዚያው አለ፤ እሱ ደግሞ ምን አይቶ ነው?

እኔ የማውቀው ቧንቧው እንደተነቀለ ነው። የማላውቀው ከመሞቷ በፊት ይሁን ከሞተች በኋላ ነው። ከረጅሙ በቀር የሚያውቅ የለም። እሱን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ልከውታል። ሲመለስ እንደ ማንኛውም ሐኪም እኔ ወንበር ፊት ሳያልፍ ሕፃናት ክፍል አይገባም። እጠብቀዋለሁ።

ለአባቷ ይህን ብነግረው መልሱን አውቀዋለሁ። «ብታውቂው ምን ይጠቅምሻል?» ነው የሚለኝ። አንዴ ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ ተነጋግረን አናውቅም።

ዓርብ 8

አራት ገቡ። አራቱንም አይ አልኩ።

አንዱ ቆሞ ነገረኝ፤ ባቡር የሚያመልጠው ይመስል። አንዱ «እማማ» አለኝ። እኔ ምኔ ነው እማማ! አንዷ ወሬውን ለጫማዬ ነው የነገረችው። አራተኛው ጥሩ ነበር፤ ተቀመጠ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ፣ ዝም ሲባል ዝም አለ። ለእሱ ምክንያት አጣሁ። ሲስተር «ይሄስ ምን አጠፋ?» ስትለኝ «ድምፁ ደስ አላለኝም» አልኳት። እውነት አይደለም።

ማክሰኞ 12

ዛሬ ከሩቅ አገር የመጣ ሐኪም ገባ። በሌለ ነገር ማከም ሊማር ነው አሉ የመጣው። ሁሉ ካለበት ተነስቶ የሌለንን ሊማር መጣ። አስተርጓሚ አብሮት ነበር። ሐኪሙ አጭር ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዶክተሩ የልጅዎ ሁኔታ ትንሽ እንደከበደ ይገልጻሉ።»

«ከበደ ማለት?»

ተንሾካሾኩ። «በጣም ከበደ ማለታቸው ነው።»

«ሞቷል?»

«እሱን እንኳ እንዲህ በግልጽ…»

«ወንድሜ፣ ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

«እኔን ምን ያድርጉኝ እናቴ፣ እኔ እኮ አስተርጓሚ ነኝ!»

ሲስተር ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔም ልስቅ ነበር፤ ተቆጣጠርኩት። ከዚያ ሐኪሙ እጄን ይዞ አለቀሰ። እውነተኛ እንባ ነው፤ ጢሙ ውስጥ ገባ። መሀረቤን ሰጠሁት። ልጅ የሞተበት እሱ ነው ወይስ እኔ? ካርዱ ላይ አይ አልኩ። ምክንያት ስባል «እኔ ነኝ ያባበልኩት» አልኩ። ሲስተር «ይሄ እንኳ ትልቅ ትምህርት ነው» ብላ ለሁሉም ነገረቻቸው። የምናገረውን ሁሉ ትጽፋለች። ላስተምራቸው አይደለም የመጣሁት።

ሐሙስ 14

ቸኩያለሁ። የባለቤቴ እህት አየችኝ። እዚያው ግቢ ልብስ አጣቢ ናት። በአጥሩ በኩል ሻሼን ሳወልቅ ደረሰችብኝ።

«ለሰው መሳቂያ ልታደርጊን ነው? ልጅቷን ደበቅሻት?»

«ዝም በይ።»

«የት ነው የምትሠሪው?»

ነገርኳት። አፏን ያዘች። ለወንድሟ እንዳትነግር አስማልኳት። ማለች። መሐላዋን ግን አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ 16

አባቷ የልጅቷን አልጋ ፈትቶ ግድግዳ ላይ አስደግፎታል። አልጠየቀኝም። እኔም ለምን አላልኩትም። ምሳ በላን። ጨው አነሰው አለ። ይህን ነው የተነጋገርነው።

ሰኞ 18፣ ማታ

ሳልተኛ ልጻፈው።

ዛሬ ተራዬ ሳይደርስ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። የክፍሉ መስኮት ክፍት ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የጎማ አሻንጉሊት አስተኝተዋል። መሀል ላይ አንድ የኦክስጅን ማሽን አለ። አንድ ቧንቧ አለ። ሐኪሞቹ ዙሪያውን ቆመው ይከራከራሉ።

«ለታናሹ!»

«ለባሰበት ነው እንጂ!»

«የባሰበትማ አይተርፍም፣ ሊተርፍ ለሚችለው!»

«ለሁለቱ ብንከፍለውስ?»

«ማሽኑ ለሁለት አይበቃም» አለች ሲስተር። «ሁለቱንም ትገድላለህ።»

«በቃ ሳንቲም እንወርውር» አለ አንዱ። ሳቁ። ሁሉም አይደሉም፤ ግን ሳቁ።

ሲስተር አልሳቀችም። «ትክክለኛ መልስ የለውም። ግን ሳትመልሱ ከዚህ ክፍል አትወጡም። እዚያ ስትገቡ አስቤ ልምጣ የሚባል ነገር የለም» አለቻቸው።

ሲጨርሱ ይህን ያመጣው ማን ነው ብዬ ጠየቅኳት። «አንድ ረጅም ልጅ አለን፣ አሁን ገጠር ነው። ከመሄዱ በፊት ይህን አስተምሩልኝ ብሎ ለመነኝ። ከየት አመጣኸው ስለው አይናገርም» አለችኝ።

ከየት እንዳመጣው እኔ አውቃለሁ። ልጄን አሻንጉሊት አደረጋት። ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ማንም እየመጣ እንዲያነሳት እንዲጥላት አደረገ። የአንዷ እግር ወልቆ በፕላስተር ተጣብቋል። ግራ በኩል ያለችው ናት። የእኔ እሷ ትሆን ወይስ ሌላኛዋ ብዬ ሳይ ራሴን ያዝኩት። አእምሮዬን እየሳትኩ ነው መሰለኝ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። የባሰበት አይተርፍም ያለውን ሐኪም ሰማሁት፤ ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። ከሰዓት ለልምምድ እኔ ጋ ገባ። አይ አልኩት።

ረቡዕ 20

ስም አውጥተውልኛል። መጸዳጃ ቤቱ ጋ ሰማሁ።

«ዛሬ ያለችው እትዬ አይ ናት?»

«እሷ ናት።»

«እንግዲያ ምሳዬን ልብላ፤ መውደቄ ካልቀረ ጠግቤ ልውደቅ።»

እትዬ አይ። ከእማማ ይሻላል።

ከሐኪሞቹ መካከል በጣም አጭሯን ድንቢጥ ይሏታል። ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ ጣልኳት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ በአጠገቧ አለፍኩ። ቀና ብላ «ደህና ይዋሉ» አለችኝ። ምን ለማለት ነው?

ሐሙስ 28

የባለቤቴ እህት ማጠቢያው በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው።

«ሕፃናት ክፍል ስንት ሐኪም እንደቀረ ታውቂያለሽ? አንድ! ሌሎቹን አንቺ ነሽ ያስቀረሻቸው። ዛሬ አንድ ጨቅላ ወረፋ ሲጠበቅ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሞተ። አንሶላውን አሁን አጥቤ መምጣቴ ነው።»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«እንጃ፤ አንቺ ንገሪኝ!»

እኔ አይደለሁም። ማሽን ያልገዙት ናቸው። እኔ ከመምጣቴ በፊትም ሐኪም አልነበረም። እኔ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት። እኔ አይደለሁም።

የጨቅላው እናት ስታለቅስ ተሰማኝ። ማሠልጠኛው ድረስ ይሰማል። የውሸት ለቅሶዬ እንደዚያ አይደለም፤ የእኔ በጣም ያምራል።

ዓርብ 29

ድንቢጥ ለሦስተኛ ጊዜ ገባች። ወንበሩን ወደ እኔ ሳበች፣ ነገረችኝ፣ ዝም አለች። ተራዬን ጠበቅኩና «ለምን ሞተ?» አልኳት።

ሌሎቹ እዚህ ላይ የሚቻለው ሁሉ ተደርጓል ይላሉ። እሷ ግን «መድኃኒቱ አልነበረንም። ቢኖረን ኖሮ ሳይተርፍ አይቀርም ነበር» አለች። ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

አዎ አልኩ። ሲስተር ካርዱን ሁለቴ አየችው። ድንቢጥ ውጭ ወጥታ ስትዘል በመስኮቱ ታየችኝ። ሌሎቹ እንደ ሙሽራ ከበቧት። ለእሷ ብዬ አይደለም ያደረግኩት። ሲያዩኝ ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ ፊቴን አዞርኩ።

ከዚያ በኋላ የገቡትን ሁለቱንም አዎ አልኩ። ደክሞኝ ነው።

ማክሰኞ 3

መጣ። አየሁት። ግቢው በር ላይ ከሾፌሩ ጋር ሻንጣ ሲያወርድ። ከስቷል። ይክሳ። ዓርብ ተራው ነው።

የባለቤቴ እህትም አየችው። ነገሩ ገባት። «ዛሬውኑ ለሲስተር እነግራታለሁ፤ አንቺ ሰው ፊት ልትጮኺ ነው፣ ልታብጂ ነው» አለች። እስከ ዓርብ ታገሺኝ አልኳት። አይሆንም አለች። እርጥብ አንሶላ መሀል ተንበርክኬ ለመንኳት። ይህን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። እሷም አለቀሰች፤ ልጅቷን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። «እስከ ዓርብ» አለች።

ሐሙስ 5

ምን ብዬ ልጀምር? ስድብ አዘጋጅቻለሁ። ሁሉንም ሳነበው የሌላ ሰው ስድብ ይመስላል።

በፊት ነው ቢለኝስ? በኋላ ነው ቢለኝና ውሸቱን ቢሆንስ?

ዓርብ 6፣ ማታ

ሁሉንም እንደሆነው እጽፋለሁ።

ሲስተር ጥግ ላይ ተቀምጣለች። በሩ ተከፈተና ጎንበስ ብሎ ገባ። ወንበሩን ሳበ። ተቀመጠ። ስልኩን አጠፋ። «ከእርስዎ ጋር የመጣ ሌላ ሰው አለ?» አለኝ። ያኔ አንቺ ነበርኩ፤ ዛሬ እርስዎ ሆንኩ። «መጥፎ ወሬ ነው የምነግርዎት። ልጅዎ ሞቷል» አለ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም፣ አልተንተባተበም። ዝም ብሎ ጠበቀኝ። እኔ በየቀኑ ለሲስተር የነገርኳትን፣ እሷም የጻፈችውን፣ አንድ ሳይቀር አጥንቶታል።

አላወቀኝም። ዓይን ለዓይን ተያየን፣ አላወቀኝም። ለካ ያን ቀን ፊቴን ሳያይ ነው መርፌ ግዢ ያለኝ።

አሁን ማልቀስ ነበረብኝ። «ቧንቧውን መቼ ነው የነቀልከው?» አልኩት።

«ይቅርታ?»

«መስኮቱ ሥር የነበረችው። የግሉኮስ መርፌ ገዝተሽ ነይ ብለህ ላክኸኝ። ስመለስ የለህም። ከመሞቷ በፊት ነው የነቀልከው ወይስ ከሞተች በኋላ?»

ሲስተር ብድግ አለች። «እህቴ፣ ይሄ ልምምዱ ውስጥ የለም…» ብላ ጀመረችና ፊቱን አየች። ፊቴን አየች። «ወይ እኔ» አለች። «ይብቃ፣ አንተ ውጣ።»

አልወጣም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«በፊት» አለ።

እስከ ዛሬ እጮኻለሁ ብዬ ያሰብኩት በዚህ ቃል ላይ ነበር። አልጮኽኩም። ቀጥል አልኩት።

«በኦክስጅኑም እየወረደች ነበር። ወንዱ ገና አልደከመም። መምረጥ ነበረብኝ፤ መረጥኩ።»

«ልጁስ?»

«ድኖ ቤቱ ገባ።»

እሰይ አላልኩም። ምነው በሞተም አላልኩም። ሁለቱም አፌ ላይ መጥተው ነበር።

«እኔን ለምን አልጠበቅከኝም?»

«ፈራሁ። በጓሮ በር ወጣሁ።»

«ምን ፈራህ?»

«እርስዎን። መርፌውን ይዘው ሲመጡ።»

ሲስተር ግድግዳው ላይ ተደግፋለች፤ አታስቆመንም።

«ብቻዋን ነበረች?»

«አጠገቧ ቆሜ ነበር። እጄ ግን ልጁ ላይ ነበር» አለ። ቢዋሸኝ ኖሮ እጇን ይዣት ነበር ይለኝ ነበር።

«ተናገረች?»

«አንድ ነገር። ወደ መስኮቱ እያየች ‹ይዘንባል› አለችኝ። የበረዳት መስሎኝ ዘጋሁላት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።»

ከዚያ ወዲያ እኔም አልጠየቅኩም።

ካርዱን ራሴ አነሳሁና አይ ላይ ምልክት አደረግኩ። ምክንያቱን ሲስተር አልጠየቀችኝም፤ እኔው ነገርኩት። «ስለመረጥክ አይደለም። ስለሸሸህ ነው።» አንገቱን ደፋ። ቦርሳዬን ከፍቼ ጥቁሩን ሻሽ እዚያው፣ ፊታቸው አሰርኩና ወጣሁ። በፊት ለፊት በር።

ሰኞ 9

ሲስተር ቤቴ መጣች። አባቷ በሩን ከፍቶ አስገባትና ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሁሉንም ሰማ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ።

«ብነግርዎ ያስወጡኝ ነበር።»

«አዎ። አስወጣሽ ነበር።» ሳቀች ይሁን አለቀሰች ልለየው አልቻልኩም። ካርዶቼ በሙሉ እንደተሰረዙ ነገረችኝ። ልጅ የሞተባት ሴት የሰጠችው ስለሆነ አይቆጠርም ብለዋል አለቆቹ። የጣልኳቸው ሁሉ አለፉ፤ ሕፃናት ክፍል ሐኪም አገኘ። ይሁን። ረጅሙ ብቻ የእኔ አይሰረዝ ብሏል። ወድቄያለሁ፣ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ ብሏል። እሱ ያውቃል።

ስትነሳ በሩ ላይ ቆመች። «አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሎኛል። ያኔ በርዷት ነበር ወይ? እንቅልፍ ነስቶታል።»

«እንጃ» አልኳት።

ሸኘኋት። በሩን ዘጋሁ።

እንጃ አይደለም፤ አውቃለሁ። ያን ቀን ዘንቦ እንደነበር ረስቼው ነበር። ዓርብ እሱ ሲነግረኝ ነው ትዝ ያለኝ፤ ሦስተኛው መድኃኒት ቤት ስደርስ ልብሴ ገላዬ ላይ ተጣብቆ፣ ሻጩ ገንዘቡ ረጥቧል ብሎ አኩርፎኝ። ልጄ አልበረዳትም። ደጅ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ያሰበችው ለእኔ ነው። እሱ ግን በርዷት ነው ብሎ ይኑር። አልነግረውም። ሌላውን ሁሉ ወስደውታል፤ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ይማሩበት። ይህን አልሰጣቸውም።

ለአባቷ ግን ነገርኩት። አልጋው የተደገፈበት ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ነበር። ድምፁ እንደ ልጅ ሆኖ «እኔንስ አላነሳችኝም?» አለኝ።

«አንተ ቤት ነበርክ» አልኩት። «አንተ አትረጥብም።»